ከእንስሳ ጋር በአንድ ክፍል ስለ ማደር

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በወሎ ቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ፣ ሲመሽ ወደ ቤት የሚገባው ሰው ብቻ አይደለም። ጥጃው በጋጣው፣ በጉ በምሰሶው ሥር፣ ዶሮዋ በቆጡ ላይ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ እስኪነጋ ድረስ ሰውና እንስሳ አንድ አየር ሲተነፍሱ ያድራሉ።

ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። የደጋው ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጅብ አለ፣ ሸለምጥማጥ አለ፣ ሌባም አይጠፋም። ለጉብኝት ከገባንበት አንድ ቤት እንስሳቱ እንዲወጡ ብንመክር፣ እመቤቲቱ «ልጆቼ፣ በጉን ጅብ ከበላው ይኼ ሕፃን ሲታመም በምን አሳክመዋለሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ወዲያው መልስ አጣን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «አውጡት» ብለን ብቻ አናልፍም። በጉ ሳይበላ፣ ልጁም ሳይታመም የሚታደርበትን መንገድ እንገልጻለን።

ጉዳቱ ከምን ይመጣል?

1ኛ፤ ከኩስ። ጤነኛ የምትመስል ዶሮ እንኳ በአንጀቷ ውስጥ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጀርሞችን ልትይዝ ትችላለች። እሷን ምንም ላያደርጓት ይችላሉ፤ ሕፃንን ግን ተቅማጥ ያስይዙታል። የሚድኽ ልጅ እጁ ከመሬት አይነሣም፤ ያገኘውንም ወደ አፉ ነው የሚወስደው። ተቅማጥ የሚመላለስበት ልጅ ደግሞ የበላው አይሆነውም፤ እድገቱ ይጓተታል።

2ኛ፤ ከጉዝጓዝና ከአቧራ። የቁንጫ እንቁላልና እጭ የሚያድገው በእንስሳው ገላ ላይ ሳይሆን በወለሉ አቧራና በጉዝጓዙ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገላ ቢታጠቡ፣ ልብስ ቢቀቅሉ፣ ጋጣው መኝታው አጠገብ እስካለ ድረስ ቁንጫው አያልቅም። እበቱም ዝንብ ይጠራል።

3ኛ፤ ከትንፋሽ። የከብት ሳንባ ነቀርሳ ከታመመ ከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ባልተፈላ ወተት ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ በትንፋሽም ሊተላለፍ ይችላል።

ታዲያ ዶሮ ማርባት ይቅር ወይ? የለም፣ አይቅር! በኢትዮጵያ ገጠር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው እንደ ተገኙ ያሳያል። ዶሮዎቹ ሌሊት መኖሪያ ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ዘንድ ግን የልጆቹ ቁመት ያነሰ ሆኖ ታይቷል። እንቁላሉ የሰጠውን ኩሱ የሚወስደው ይመስላል።

ነገሩ የገጠር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በከተማ ዓሣ በመስተዋት ሣጥን፣ ኤሊ በክፍል ውስጥ የሚያኖሩ አሉ። ኤሊና እንሽላሊትም ሳይታመሙ ሳልሞኔላ ይዘው ይኖራሉ። በአሜሪካ ብዙ ሕፃናት ከትንንሽ ኤሊዎች በሽታው ስለ ተጋባባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚያንስ ኤሊዎች ለማዳ ሆነው እንዳይሸጡ ታገደ። እንግዲህ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ እንስሳው ይኑር፣ መኝታ ክፍል ግን ለሰው ብቻ ይሁን።

ምን እናድርግ?

ሀ) ከብቱንና በጉን ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ጋር በተያያዘ በረት አሳድሩ። አንዱ ግድግዳ የጋራ ስለሚሆን ወጪው ይቀንሳል፤ ነፋስ ይከለላል፤ ሌሊትም ኮሽታ ቢኖር ይሰማል። ግድግዳው እስከ ጣራው ይድረስ፤ በረቱም በውጭ በኩል የራሱ ጠንካራ በርና መወርወሪያ ይኑረው።

ለ) የበረቱ ወለል ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፤ ሽንቱ በቦይ ይውጣ። የሰው ወለል ግን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል።

ሐ) ለዶሮዎች ከመሬት ከፍ ያለ ትንሽ ቤት ሥሩ፤ ሲመሽ በሩን ዝጉ። ለአንድ ዶሮ በቆጥ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይበቃታል፤ ለ10 ዶሮዎች 2 ሜትር እንጨት ማለት ነው።

መ) እበቱን በየማለዳው ጥረጉ። የሚከማችበት ጉድጓድ ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩም በታች በኩል ይሁን። ለማዳበሪያ ይጠቅማችኋል።

ሠ) እንስሳ ከነካችሁ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀትና ሕፃን ከማጉረስ በፊት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ቢጠፋ በአመድ። ወተት አፍልታችሁ ጠጡ። የእንስራውንም አፍ ክደኑ።

ሁሉን ባንድ ቀን መፈጸም ለማይችል ሰው አንድ ነገር እንመክራለን፤ ከዶሮዎቹ ይጀምር። ሥራው ትንሽ ነው፤ ለሕፃኑ ግን ጥቅሙ ብዙ ነው። ግራ የገባችሁ ነገር ካለ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ። የእንስሳን ማደሪያ ከሰው መኖሪያ መለየት ቤት ለቤት ከሚያስተምሩት አንዱ ነው።

ለእኚያ እናትም ዛሬ መልስ አለን። ለግድግዳው የሚያስፈልገው ድንጋይ፣ ጭቃና ጭድ ነው፤ ሦስቱም ከደጃቸው አይጠፉም። በጉ ከግድግዳው ወዲያ፣ ልጁ ከግድግዳው ወዲህ ይደር፤ ሁለቱም በደኅና ይነጋላቸዋል።