ተጨማሪ መረጃ፦ ምናባዊ ሞዱላር ሲንተሳይዘር ወዴት ያመራል?

ሞዱላር ሲንተሳይዘር ድምፅ የሚያመነጩ፣ የሚያጣሩና መጠኑን የሚቆጣጠሩ ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች፣ ማለትም ሞዱሎች፣ በገመድ ተያይዘው የሚሠሩበት የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ቪሲቪ ራክ የተባለው ሶፍትዌር ይህንኑ አሠራር፣ የተንጠለጠሉትን ባለቀለም ገመዶች ሳይቀር፣ ወደ ኮምፒውተር ስክሪን አምጥቶታል። በሶፍትዌሩ ውስጥ ቮልቴጅ በቁጥር ይወከላል፤ የቅጥነት መቆጣጠሪያው ቁጥር በ1 ቮልት ሲጨምር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይቀጥናል። ይሁንና ስሌቱ ለእያንዳንዱ የድምፅ ናሙና፣ ለምሳሌ በሰከንድ 48,000 ጊዜ፣ በየሞዱሉ ስለሚደገም፣ ሞዱሎች በበዙ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ይጨናነቃል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞዱሎች በተዘጋጁበት በዚህ ወቅት የዘርፉ ትልቁ ፈተናም ይኸው ሸክም እንጂ የሞዱል እጥረት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የቪሲቪ ራክ ሁለተኛ እትም፣ በሚከፈልበት ዓይነቱ፣ በሙዚቃ መቅረጫ ሶፍትዌሮች ውስጥ እንደ ተሰኪ ፕሮግራም መሥራት ጀምሯል። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን የተገላቢጦሹ ጉዞ ነው፦ ሜታሞዱል የተባለው መሣሪያ በኮምፒውተር ላይ የተቀናጁ ሞዱሎችን ተቀብሎ፣ ዩሮራክ በሚባለው የሞዱሎች መደበኛ ልክ በተሠራ እውነተኛ ሣጥን ውስጥ፣ ያለ ኮምፒውተር ያጫውታል። ይህን በእጅጉ ያቀለለው የብዙዎቹ ሞዱሎች ምንጭ ኮድ ለማንኛውም ሰው ክፍት መሆኑ ነው።