ጡት አልይዝ ያለ ጨቅላ

«ወተት የለኝም መሰለኝ» ትለኛለች አራሷ፤ ስታጠባ ሳያት ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ አያያዙ ነው። ጨቅላው ጫፉን ብቻ ከያዘ እናት ትቆስላለች፣ እሱም አይጠግብም። አፉን በሰፊው ሲከፍት ጠብቀሽ ወደ ጡትሽ አስጠጊው፤ አገጩ ጡትሽን ይንካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ። ካመመሽ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና ሞክሪ። እስኪለምድ እንገሩን አልበሽ በንጹህ ሲኒ ስጪው። ቅቤና የስኳር ውሃ ይቅርብን፣ አያቶች ቢቆጡም! በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን ከ6 ጊዜ በታች ከሸና ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ አዋላጇ ስታጠቢ ትይሽ። ጨርሶ አልጠባም ካለ፣ ከፈዘዘ፣ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ውሰጂው።