ሚዛን ላይ የሚወጣው ሁሉ

በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገዶች ላይ፣ ከሊስትሮውና ከሶፍት ሻጩ አጠገብ፣ አንዲት ጠፍጣፋ ሚዛን ፊቱ አስቀምጦ ደንበኛ የሚጠብቅ ልጅ አይጠፋም። መንገደኛው ጥቂት ብር ሰጥቶ ይወጣባታል፤ ቁጥሩን አይቶ ወይ ፈገግ ይላል ወይ ይኮሳተራል፤ ከዚያ ጉዞውን ይቀጥላል። ጫማውን አላወለቀም። ኪሱ ውስጥ ስልክና ቁልፍ አለ። ምሳውን ከበላ ገና ግማሽ ሰዓቱ ነው። ሚዛኗ አልዋሸችውም፤ ላይዋ የቆመውን ሁሉ ደምራ ነግራዋለች። እሱ ማወቅ የፈለገው ግን ስብ ጨምሮ እንደሆነ ነበር፤ ያንን ደግሞ በአንድ ቀን ቁጥር ልትነግረው አትችልም።

ይህችን ዕቃ ዛሬ በየጂሙ፣ በየክሊኒኩና በብዙ መኖሪያ ቤቶች ስለምናያት የምናውቃት ይመስለናል። እስቲ እንክፈታት።

የድሮዋ፣ ቁጥሯ በመስኮት ውስጥ የሚዞረው ሚዛን ሆዷ ውስጥ ያሉት የብረት ዘንጎችና ጠንካራ ሞላ ናቸው። ዘንጎቹ ከላይ ያረፈውን ክብደት ቀንሰው ለሞላው ያስተላልፋሉ፤ ሞላው ሲለጠጥ ጥርስ ያለው ብረት ይንቀሳቀስና ቁጥር የተጻፈበትን ክብ ሰሌዳ ያዞራል። ጎኗ ላይ ያለችው ትንሽ ተሽከርካሪ ቁልፍ ሰሌዳውን ዜሮ ላይ ለመመለስ የተሠራች ናት። ብዙ ሰው ነክቷት አያውቅም፤ ስለዚህ ማንም ሳይቆምባት 2 ኪሎ የምታሳይ ሚዛን ማየት ብርቅ አይደለም።

የመስታወቷ ዲጂታል ሚዛን አሠራሯ ሌላ ነው። በአራቱ እግሮቿ ውስጥ ትንንሽ ብረቶች አሉ፤ ብረቶቹ ላይ ስትሬን ጌጅ የሚባል እጅግ ቀጭን የኤሌክትሪክ መስመር ተለጥፏል። ሰው ሲቆምባት ብረቶቹ በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣሉ፣ መስመሩም አብሮ ይለጠጣል። የተለጠጠ መስመር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ ያችን ኢምንት ልዩነት ነው ውስጧ ያለው ኮምፒውተር ወደ ኪሎ የሚለውጣት። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1938 ኤድዋርድ ሲሞንስና አርተር ሩጅ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሳይመካከሩ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ፈጠሩት። አራቱም እግሮች እኩል እንዲያርፉ ወለሉ ጠንካራና ደልዳላ መሆን አለበት። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠች ሚዛን የምትሰጠውን ቁጥር ቁም ነገር ብሎ መያዝ አያስፈልግም።

ብዙዎቹ ዲጂታል ሚዛኖች አንድ ተንኮልም አላቸው። ሰው ወርዶ ወዲያው ተመልሶ ሲወጣ፣ አዲሱ ልኬት ከቀድሞው በጥቂት መቶ ግራም ብቻ የሚለይ ከሆነ፣ ያስታወሱትን የቀድሞውን ቁጥር መልሰው ያሳያሉ። ገዢው ታዲያ “ሦስቴ ብወጣ ሦስቴም አንድ ዓይነት!” ብሎ ይደነቃል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ከባድ ቦርሳ ይዞ አንዴ ይመዘን፣ ከዚያ ቦርሳውን አስቀምጦ እንደገና ይውጣ፤ ያን ጊዜ ሚዛኗ ያስታወሰችውን ትታ በእርግጥ ትመዝነዋለች።

ደግሞ ሁለቱም ዓይነቶች የሚለኩት መሬት ሰውን ወደ ታች የምትስብበትን ኃይል ነው፤ ኃይሉ ደግሞ በየአገሩ ትንሽ ይለያያል። ወደ ዋልታዎቹ ይጠነክራል፣ ወደ ምድር ወገብና ወደ ከፍታ ይላላል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበች፣ ከባሕር ጠለልም ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነች ከተማ ስለሆነች፣ መካከለኛው አውሮፓ ላይ ተስተካክላ የመጣች ሚዛን 70 ኪሎ የሆነን ሰው እዚህ ከ200 ግራም በላይ አሳንሳ ልታሳየው ትችላለች። ሳይጾም ሳይሮጥ መቅለል ይሏል ይህ ነው። ክሊኒክ ውስጥ የምናያት፣ ነርሷ በዘንግ ላይ ክብደት እየገፋች የምታስተካክላት ሚዛን ግን ከዚህ ነፃ ናት፤ የመሬት ስበት ሰውየውንም የዘንጉንም ክብደት እኩል ስለሚያላላ።

እነዚህ የማሽኗ ስሕተቶች ናቸው፤ ዜሮዋ ከተስተካከለ በግራም የሚቆጠሩ። ዋናው መዋዠቅ ያለው በራሱ በሰውነታችን ውስጥ ነው።

ይህን ከሁሉ በፊት በትዕግሥት የመዘነው ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ የተባለ የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ነው። ወንበሩን ከትልቅ ሚዛን ላይ አንጠልጥሎ፣ እዚያው ተቀምጦ ይበላ ነበር። የሚበላውን፣ የሚጠጣውን፣ ከሰውነቱ የሚወጣውንም ሳይቀር እየመዘነ ወደ 30 ዓመት ያህል እንደቆየ ይነገርለታል። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1614 ቬኒስ ላይ በመጽሐፍ አወጣው። ካገኛቸው ነገሮች ይበልጥ ያስደነቀው በቀን 8 ፓውንድ ከሚበላና ከሚጠጣ ሰው 5ቱ ማንም ሳያየው መጥፋቱ ነበር፤ በሽንትም በሌላም አልወጣም። በቆዳና በትንፋሽ ነበር የሚሄደው። እሱ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ እኛ ግን እናውቃለን። ሩበን ሚርማንና አንድሩ ብራውን የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ስሌት መሠረት 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ ቀሪው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። ስብ በላብ ይቀልጣል እየተባለ ወገብ ላይ የሚጠመጠም ላስቲክ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ ይህችን ስሌት አስታውሱት።

መመዘንን ከሐኪም ቤት አውጥተው ወደ መዝናኛነት ከለወጡት መካከል አንድ የለንደን ሱቅ አለ። ቤሪ ብራዘርስ ኤንድ ራድ ዛሬ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነው፤ አጀማመሩ ግን ቡና ሽያጭ ነበር። ለቡና ጆንያ በተሠራው ግዙፍ ሚዛን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1765 ጀምሮ ደንበኞቹን እየመዘነ በመዝገብ ያሰፍር ነበር። ባለቅኔው ሎርድ ባይረንም ከተመዘኑት አንዱ ነው። መዝገቡ ላይ ሰውየው ቦት ጫማ እንዳደረገ ወይም ኮፍያ እንዳልነበረው የሚጠቁሙ ማስታወሻዎች አሉ። እነዚያ ነጋዴዎች ሁኔታው ካልተመዘገበ ቁጥሩ ብቻውን እንደማይረባ ገብቷቸው ነበር።

ወደ ውሃው እንመለስ። ከጎልማሳ ሰውነት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ኪሎ ነው። ግማሽ ሊትር የጠጣ ሰው በዚያው ቅጽበት ግማሽ ኪሎ ጨምሯል። በሌሊት ደግሞ ተኝቶ ሲተነፍስ ካደረና ጠዋት ሽንቱን ከሸና በኋላ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቀሎ ይነሳል። ይህ በአንድ ሌሊት የሚመጣና የሚሄድ ነው። ቀናት የሚቆየው መዋዠቅ የሚመጣው ከጨው፣ ከግላይኮጅንና ከአንጀት ነው።

ሰውነት የጨውን መጠን እንደ ምጥን ወጥ ይጠብቃል፤ ጨው ሲበዛበት ውሃ ጨምሮ ያቀጥነዋል። ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በሊትር 9 ግራም ጨው ያለው ከደማችን ጋር እንዲመጣጠን ተብሎ ነው። እንግዲህ ኩላሊት ገና ሳያስወግደው ሰውነት ውስጥ የቀረ 9 ግራም ትርፍ ጨው አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው፤ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ። ግላይኮጅን ደግሞ ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከፓስታ የምናገኘው ስኳር በጉበትና በጡንቻ የሚቀመጥበት መልክ ነው። በጎልማሳ ሰው ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህል ይገኛል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ወደ 3 ግራም የሚሆን ውሃ አቅፎ ይቀመጣል። ጎተራው ሲራቆት ወደ 2 ኪሎ ይጠፋል፤ ሲሞላ 2 ኪሎ ይመለሳል። “በአንድ ሳምንት 4 ኪሎ” እያለ በየቴሌግራሙ የሚያስተዋውቅ ሁሉ የሚሸጠው በአብዛኛው ይህንኑ ውሃ ነው፤ ደንበኛው ወደ እንጀራው በተመለሰ ማግስት ዕቃው ይመለሳል።

አሁን የፋሲካን ማግስት አስቡት። 55 ቀን ጾሞ፣ እስከ ቀትር በኋላ እህል ሳይቀምስ የከረመ ሰው ሌሊት ይፈስካል። ዶሮ ወጡ፣ ክትፎው፣ ጠጁ፣ ቀትር ላይ ደግሞ የጎረቤት ጥሪ። በማግስቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ 2 ወይም 3 ኪሎ ጨምሮ ያገኘዋል፤ “የሁለት ወር ልፋቴ በአንድ ቀን ገደል ገባ” ይላል። እስቲ እናስላ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። በቀን 2,200 ካሎሪ የሚበቃው ሰው በአንድ ቀን አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር 9,900 ካሎሪ መብላት አለበት፤ የአራት ቀን ተኩል ምግብ። የሐበሻ እናት ግብዣ ብርቱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን 3 ኪሎ ስብ በአንድ ቀን እሷም አትችልም። የጨመረው ጨው የያዘው ውሃ፣ የተሞላው ጎተራና ገና አንጀት ውስጥ ያለው ምግብ ነው። እንጀራ ራሱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ አብዛኛው በመጣበት ይሄዳል።

በተቃራኒው ጫፍ ያለው ምሳሌ ደግሞ ዱባይ ላይ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2009 የዱባይን ማራቶን ሲያሸንፍ፣ ከሁለት ሰዓት ጥቂት በበለጠ ጊዜ ውስጥ ከሰውነቱ ክብደት ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ እንዳጣ በኋላ የወጣ ጥናት ገምቷል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ላብ ነው። ያን ዕለት ኃይሌን ከውድድሩ በፊትና በኋላ የመዘነ የጎዳና ሚዛን ባለቤት ቢኖር፣ ሚዛኗ ተበላሸች ብሎ ወደ ጠጋኝ በወሰዳት ነበር።

ጂም የጀመሩ ሰዎችም በመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ ሲጨምሩ ይደነግጣሉ፤ የተጎዳ ጡንቻ እስኪያገግም ውሃ ይይዛል። ብዙ ሴቶች የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ያብጣሉ፤ ስለዚህ የዚህን ሳምንት ክብደት ካለፈው ሳምንት ጋር ከማነጻጸር ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

ታዲያ መመዘን ምን ይረባል? በሳምንት ግማሽ ኪሎ እየቀነሰ ያለ ሰው፣ መልካም እየሄደለት ነው፤ በቀን የሚቀንሰው ግን 70 ግራም ብቻ ነው። አብዛኞቹ የቤት ሚዛኖች የሚያሳዩት ትንሹ ልዩነት 100 ግራም ነው፤ የውሃው መዋዠቅ ደግሞ አንድ ሁለት ኪሎ። ፍሬው ከገለባው ሃያ ጊዜ ያነሰ ነው። ማበጠሪያ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከማበጠሪያዎቹ ቀላሉን ለብዙ ሰው ያስተዋወቀው ጆን ዎከር ነው፤ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎቻችን ሌሊቱን የሚያፈጡበትን አውቶካድ የተባለ የንድፍ ሶፍትዌር ከሚሠራው ከአውቶዴስክ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ። ራሱ ወፍሮ ነበርና ጉዳዩን እንደ መሐንዲስ ያዘው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው መጽሐፍ ያቀረበው ስሌት በወረቀትና እርሳስ ይሠራል። ትናንት የነበረውን አማካይ ያዝ፤ ዛሬ ሚዛኑ ካሳየው ጋር ያለውን ልዩነት ለ10 አካፍል፤ ያንን ብቻ በአማካዩ ላይ ጨምር ወይም ቀንስ። አማካዩ 78 ኪሎ የነበረ ሰው ዛሬ 79.2 ቢያይ፣ ልዩነቱ 1.2 ነው፤ አንድ አሥረኛው 0.12፤ አዲሱ አማካይ 78.12። በማግስቱ ሚዛኑ 77.6 ቢል አማካዩ 78.07 ይሆናል። ሚዛኑ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ሲዘል አማካዩ ቅንጣት ታህል ነው የተነቃነቀው። የየዕለቱ ቁጥር ለሳምንታት ከአማካዩ በታች እየዋለ ከሆነ ሰውየው በእርግጥ እየቀነሰ ነው፤ በላይ ከሆነም እንዲሁ ይታወቃል። ይህን ማስላት የታከተው የሰባት ቀኑን ደምሮ ለ7 ያካፍል፣ ከዚያ ሳምንትን ከሳምንት ጋር ያነጻጽር። ብቻ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ፣ በአንድ ሚዛን። የጂንስ ሱሪና ጫማ ብቻቸውን ከአንድ ኪሎ ይበልጣሉ።

ለሁሉም ሰው አይመከርም ግን። ቁጥር ባየ ቁጥር ምግብ የሚያስጠላው ወይም ራሱን በረሃብ የሚቀጣ ሰው ሚዛኗን ከቤት ቢያወጣት ይሻለዋል፤ ሐኪምም ቢያማክር።

እስካሁን ውሃውን እንደ ገለባ ቆጠርነው። የሚፈለገው ራሱ ውሃው የሆነባቸው ሰዎችም አሉ። ልቡ የደከመ ሰው ደም በአግባቡ ስለማይረጭለት ውሃ በእግሩ፣ በሆዱና በሳንባው ይጠራቀማል። በአገራችን ብዙ ወጣቶች ላይ ይህን የሚያመጣው በልጅነት ከታከመ በቀላሉ ሊወገድ ይችል የነበረ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የልብ ቫልቭ ጉዳት ነው። እግር ከማበጡና ትንፋሽ ከማጠሩ በፊት ሚዛን ትናገራለች፤ ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት ነው። እሱ አማካይ እያወጣ ቢጠብቅ ስሌቱ ራሱ ይጎዳዋል።

የኩላሊት እጥበት የሚደረግላቸው ሰዎች ጋ ሚዛን ከዚህም አልፋ ትእዛዝ ሰጪ ናት። ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ታካሚ ትርፍ ውሃ በሌለበት ሊኖረው የሚገባውን “ደረቅ ክብደት” ይወስናል። ታካሚው ለእጥበት ሲመጣ ይመዘናል፤ ከደረቅ ክብደቱ 2 ኪሎ ተኩል በልጦ ከመጣ ማሽኑ 2 ሊትር ተኩል ያህል እንዲያወጣለት ይሞላል። ጃኬቱን ለብሶ የተመዘነ እንደሆነ የጃኬቱን ክብደት ያህል ሊኖረው የሚገባ ውሃ ከደሙ ይወሰድበታል፤ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊያዞረው፣ እግሩን ሊያሸማቅቀው ይችላል። የእጥበት ክፍል ነርሶች ስለ ልብስ የሚነዘንዙት ለዚህ ነው።