ትልቁ ሌንስና የአክስቴ እቁብ

የአክስቴ ልጅ ፎቶ አንሺ ነው። ፉሪ ውስጥ ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ምርቃት ካለ እሱን አታጡትም፤ ካሜራው አንገቱ ላይ፣ ጫማው አቧራ በአቧራ ሆኖ። ባለፈው ኅዳር እቁብ ወጣለት፤ 300 ሺህ ብር። «ወጣለት» ስል ግን ነገሩ ሙሉ አይደለም። የወር መዋጮውን ግማሽ የሚከፍሉት እናቱ፣ ማለትም አክስቴ፣ እንጀራ ጋግረው ለሱቅ በሚያስረክቡት ገንዘብ ነው።

የአክስቴ ሐሳብ ግቢው ውስጥ ተጀምራ የቆመችውን ሰርቪስ ቤት ጨርሶ ማከራየት ነበር። ፉሪ የኖረ ሰው ይህችን ሕልም ያውቃታል። የልጃቸው ሐሳብ ደግሞ ሌንስ።

«አንድ ሌንስ በ300 ሺህ ብር?» አልኩት።

«300ውም አይበቃም» አለኝ። ቀሪውን ከጓደኛ ሊበደር አስቧል። አክስቴ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ኢኮኖሚክስ አይደል የተማርከው? እስቲ አስላለት» አሉ። ከተመረቅኩ ወዲህ ትምህርቴን ለሥራ የፈለገው የመጀመሪያው ሰው አክስቴ ናቸው ማለት ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ክርክሩ ስለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ዙም የለውም፤ ለማቅረብም ለማራቅም መንቀሳቀስ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። እንዲህ ያለው ሌንስ ፕራይም ይባላል። ስታንዳርድ የሚሉት ደግሞ ነገሮችን ብዙም ሳያሰፋና ሳያጠብ፣ ዓይናችን ከለመደው ሳይርቅ ስለሚያሳይ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣችው የመጀመሪያዋ ላይካ የያዘችው 50 ሚሊሜትር ነበር፤ ካርቲየር ብሬሶንም አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በዚሁ ነው።

ዘመዴ ያለው ካኖን ኢኦኤስ አር ነው። ለዚህ ካሜራ ኩባንያው ካወጣቸው 50 ሚሊሜትሮች የእኛ ክርክር በሁለቱ ላይ ነው። አንደኛው በ2018 የመጣው ባለ 1.2 ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 2,299 ዶላር ነበር፤ ክብደቱ 950 ግራም። ሁለተኛው በ2020 የመጣው ባለ 1.8 ነው፤ 199 ዶላር፣ 160 ግራም። ከቆማችሁበት ሁለቱም የሚያሳዩት ስፋት አንድ ነው። ትልቁ ልዩነት ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የ1.2ቱ ቀዳዳ እስከ 42 ሚሊሜትር ገደማ ይከፈታል፣ የ1.8ቱ እስከ 28። በስፋት ሲሰላ ትልቁ 2.25 እጥፍ ብርሃን ያስገባል።

እንግዲህ አስሉት። ዋጋው 11 እጥፍ ተኩል፣ ብርሃኑ 2 እጥፍ ከሩብ።

በብር እናድርገው። ለሂሳብ እንዲመች ዶላሩን 150 ብር እንያዘው። ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ ትልቁ ወደ 345 ሺህ፣ ትንሹ ወደ 30 ሺህ ብር ይመጣል። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ፣ ያው ትልቁ ሌንስ 131 ሺህ ነበር። ሌንሱ አልተሻሻለም፤ የእኛ ሠርግ ፎቶ ዋጋም በዚያው ልክ አልጨመረም።

ይህን ሁሉ ስነግረው ዘመዴ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ደንበኛ ፎቶህን አይደለም የሚያየው፣ ካሜራህን ነው» አለኝ። አንድ የሙሽራ ወንድም ሌንሱን አይቶ «በቃ ይቺ ናት?» ብሎት ነበር። እሷ ቃል እስከ ዛሬ ከውስጡ አልወጣችም።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አፌን ያዘኝ። ማይክል ስፔንስ የተባለው ምሁር በ1973 የጻፈው፣ በኋላም በ2001 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ሐሳብ ይኸው ነው። ቀጣሪ የሠራተኛውን ችሎታ በቀጥታ ማየት ስለማይችል የትምህርት ማስረጃውን እንደ ምልክት ይወስዳል። ሙሽራም ከሠርጉ በፊት የሠርጉን ፎቶ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ የሌንሱን ውፍረት ያያል። (ምልክት ሁሌ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የእኔ ዲግሪ ምስክር ነው።)

ክርክሩ በወሬ እንደማያልቅ ሲገባን አንድ ነገር አደረግን። እያንዳንዱ ዲጂታል ፎቶ በምን ያህል ቀዳዳ እንደተነሳ ፋይሉ ውስጥ መዝግቦ ይይዛል። በትንሹ 50 የሠራቸውን ሦስት ሠርጎች ላፕቶፑ ላይ ከፍተን ስንቆጥር አመሸን። ከ2.5 በሰፋ ቀዳዳ የተነሳው ከአሥሩ አንዱ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ሁሉ 4፣ 5.6፣ አንዳንዱም 8።

ምክንያቱ ሠርጋችን ነው። የእኛ ሠርግ የሁለት ሰው ጉዳይ አይደለም፤ ሚዜው፣ ቤተ ዘመዱ፣ የሰፈሩ እናቶች፣ ከገጠር የመጡት አጎት፣ ሁሉም ፎቶው ውስጥ ገብተው ሁሉም ፊታቸው ጥርት ብሎ እንዲታይ ይፈልጋሉ። በዚህ ካሜራ ሰው 2 ሜትር ርቀት ላይ ሲቆም፣ በ1.2 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 11 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሙሽራዋ ጥርት ስትል ግማሽ እርምጃ ኋላ የቆመው ሙሽራ ይደበዝዛል። በ1.8 እንኳ 17 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ሁለት ረድፍ ዘመድ ለማንሳት 5.6 ላይ መዝጋት ግድ ነው፤ 5.6 ላይ ደግሞ ባለ 30 ሺውንና ባለ 345 ሺውን ለይቶ የሚያውቅ አክስት አላየሁም።

ያም ሆኖ ትልቁን ለአንድ ቀን ተከራይተን እዚያው ሰፈር አንድ መልስ ላይ ወሰድነው። ሲመሽ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው የሻማና የስልክ ብርሃን ብቻ ነበር። ዘመዴ በዚያች መሀል የሙሽራዋን አያት እየመረቁ አነሳቸው። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ በትንሹ ሌንስ እንደዚያ አይመጣም ነበር። 1.8 ላይ አይኤስኦ 6400 የሚጠይቅ ቦታ በ1.2 ወደ 2800 ይወርዳል፤ ካሜራውም በጨለማ ፎከስ ማግኘት ይቀለዋል። በዚያ ላይ ትልቁ አቧራና እርጥበት እንዳይገባው ተደርጎ የተሠራ ነው። በበጋ በፉሪ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትንሹ ይህ መከላከያ የለውም።

በነገራችን ላይ ካሜራችሁ ፉል ፍሬም ሳይሆን ክሮፕ ከሆነ ከሁለቱም በፊት ቆም በሉ። በካኖን ክሮፕ ካሜራ 50ው እንደ 80 ሚሊሜትር ነው የሚያሳየው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሙሽሮችን ሙሉ ቁመት ልታነሱ ስትሉ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ለእናንተ ስታንዳርዱ ወደ 30 ሚሊሜትር የሚጠጋው ነው።

ወደ እቁቡ ልመለስ። ለዘመዴ የነገርኩት ይህን ነው፦ ያለህ አንድ ካሜራ ነው፤ ሠርግ መሀል ቢቆም ሙሽሮቹን ነገ ኑና ድገሙት አትላቸውም። ሦስት ቀን አሰበበት። ከዚያ ያገለገለ ሁለተኛ ካሜራና ሁለት ፍላሽ ገዛ፤ የተረፈውን ለእናቱ ሰጠ። ትልቁን ሌንስ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ኪራዩን ዋጋው ላይ ጨምሮ ይነግራል። እስካሁን የተስማሙት ሁለት ናቸው።

ጥር ላይ ማታ ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ሙሽራዋ አባቷ ጉልበት ላይ ወድቃ ስታለቅስ ትንሹ ሌንስ በደብዛዛው ብርሃን ፎከስ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል ቅጽበቷ አመለጠችው። «ይቺን በየትኛው ሂሳብ ታስገባልኛለህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «ፍላሹስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ቦርሳ ውስጥ ነበር።

አሁን ፍላሹን ከካሜራው ላይ አይነቅለውም። ሰርቪሷም ቆርቆሮ ለብሳለች፤ በር ይቀራታል። አክስቴ ቀጣዩን እቁብ ጀምረዋል፤ በዚህኛው ላይ የተጻፈው የራሳቸው ስም ብቻ ነው።