የግብርና መምህራንን በኤሌክትሮኒክ ትምህርት ለማገዝ ከኮምፒዩተር ግዥ ያለፈ ዝግጅት ያሻል

በምሥራቅ ሸዋ ዞን የመቂ ከተማ አካባቢ የዝዋይ ሐይቅንና የመቂ ወንዝን ተንተርሶ በመስኖ በሚለማ ቲማቲምና ሽንኩርት ይታወቃል። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ በኢትዮጵያ መከሰቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከዚያ በፊት የተመረቀ የግብርና መምህርም ሆነ የልማት ሠራተኛ ተባዩን በኮሌጅ ቆይታው በአገሩ ማሳ ላይ ሊያየው አይችልም ነበር።

የታተመ የማሠልጠኛ ጽሑፍ እስኪሻሻል ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የተዘጋጀ ትምህርት ግን እንዲህ ያለ ተባይ በተከሰተ ሰሞን በምስል ተደግፎ ሊታደስ ይችላል። ዕጩ መምህሩም ትሉ ቅጠሉን ውስጥ ለውስጥ ሲቦረቡር የምርት ወቅት ሳይጠብቅ ይመለከታል። ይህ የማሳ ላይ ልምምድን አይተካም፤ ያዘጋጃል እንጂ።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሰራጭ የነበረው የ"ፕላዝማ" ትምህርት በዚህ ረገድ ትምህርት የሚወሰድበት ነው። ሥርጭቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለነበረው መምህሩ ማቆምም መድገምም አይችልም ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ክፍለ ጊዜው ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የ8028 ነጻ የስልክ መስመር በአንጻሩ አርሶ አደሩ በፈለገው ሰዓት ደውሎ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች የግብርና ምክር እንዲያዳምጥ አስችሏል። ሆኖም ምክር መስጠትና መምህር ማሠልጠን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የኢንተርኔት አገልግሎት በሚቆራረጥባቸው ኮሌጆች አዋጭ የሚሆነው ትምህርቱን በግቢው ሰርቨር ላይ ማከማቸት ነው። ሠልጣኞች በውስጥ ኔትዎርክ ይጠቀማሉ፤ ሰርቨሩን ለማደስ መስመሩ የሚሠራባቸው ጥቂት ሰዓታት ይበቃሉ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት በመሆኑ የመምህራኑ ዝግጅት ይዋል ይደር የሚባል አይደለም።

በጀት የሚያጸድቁ አካላት አንድ ነገር ሊያጤኑ ይገባል። ኮምፒዩተር በካፒታል በጀት አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ለጥገና፣ ለባትሪ መተኪያና ትምህርቱን ለሚያድሰው ባለሙያ ደመወዝ የሚሆነው ገንዘብ ግን በየዓመቱ በመደበኛ በጀት መያዝ አለበት። ይህ ካልተያዘ ቀጣዩ ተባይ ሲመጣ በሰርቨሩ ላይ የሚገኘው የአምናው ትምህርት ይሆናል።