ድምፁን የለየው ጨቅላ

ባለፈው ክረምት እህቴ ደብረ ታቦር ወልዳ እናታችን ቤት ለመታረስ ገሳይ መጣች። የጉናን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እሳቱ ይነዳል፣ ገንፎው ቀርቧል። የ15 ቀኑ ልጅ ከአክስት ወደ አክስት ሲዞር አለቀሰ፤ ሁሉም ቢያባብሉት እምቢ አለ። እህቴ ከመደቡ ላይ ሆና «ምነው የኔ ጌታ» ስትለው ግን፣ ገና ሳታቅፈው፣ ዝም አለ። እናቴ «ድምጿን ለየ» አለች። አንዷ ጎረቤት «በ15 ቀኑ ምን ያውቃል!» ብላ ተከራከረቻት።

እናቴ ልክ ነበረች። በ1980 እ.ኤ.አ. ዴካስፐርና ፋይፈር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሦስት ቀን ላልሞላቸው ሕፃናት ጡጦ አጎረሱ። ሕፃኑ አጠባቡን ሲለዋውጥ የሚሰማው ድምፅም ይለወጣል፤ አንዴ የእናቱ፣ አንዴ የሌላ ሴት። ሕፃናቱ የእናታቸውን ድምፅ ወደሚያመጣው አጠባብ አደሉ። ከተወለዱ ወዲህ ከእናታቸው ጋር የቆዩት ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለነበር፣ ትውውቁ ከማኅፀን የመጣ ነው ተባለ። ፅንስ ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ይሰማልና።

ጅማሬው ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። ልብ ከፅንሰት በኋላ በ22ኛው ቀን አካባቢ መምታት ትጀምራለች፤ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። ያኔ አብዛኞቹ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አላወቁም። ቱቦው በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት መጀመር አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ከተወለደ በኋላስ? የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስዎርዝ በ1954 እና 1955 እ.ኤ.አ. ካምፓላ አጠገብ ባሉ መንደሮች እየዞረች 26 እናቶችን ከነልጆቻቸው ተመለከተች። ሕፃኑ እየዳኸ ይርቃል፣ ዞር ብሎ እናቱን ያያል፣ ይመለሳል። በእናቱ የተማመነ ልጅ ነው ደፍሮ የሚርቀው። እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ አንቀልባ ነው። የታዘለ ልጅ ገና ሲቁነጠነጥ እናት በጀርባዋ ታውቃለች፤ እስኪያለቅስ አትጠብቅም። በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ የሞንትሪያል ሙከራም ለረጅም ሰዓት የታቀፉ ሕፃናት በስድስት ሳምንታቸው ከሌሎቹ 43 በመቶ ያነሰ እንዳለቀሱ አሳይቷል።

ከእናቴ ጋር ያልተስማማነው በቅቤ ነው። ለጨቅላ ቅቤ ማቃመስ ይቅር፤ የእናቱ ጡት ይበቃዋል አልኩ። ተከራክረን በመጨረሻ ተቀበለችኝ።

ነፍሰ ጡር ሚስት ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ጀሪካኑን ከጀርባዋ አውርዱላት። ማታ አጠገቧ ተቀምጣችሁ አጫውቷት፤ እሷም ታውራ። ለልጁ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው።