የመሰናዶ ትምህርትና የስፖርት ሜዳ፦ ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት እስከ አርባ ምንጭ

የግል ተመላላሽ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወላጆችም ሆኑ ፈቃድ ሰጪው አካል አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ መምህራን ብቃትና ስለ ፈተና ውጤት ነው። የስፖርት ሜዳ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ይነሳል። ሁለቱ ተነጣጥለው የሚታዩ እንዳልሆኑ ግን የአገራችን የመሰናዶ ትምህርት ታሪክ ያመለክታል።

"መሰናዶ" የሚለው ስያሜ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍሎች የተሰጠ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ባለው ሥርዓተ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው በአንድነት ሁለተኛ ደረጃ ይባላል። ተግባሩ ግን ከስያሜው የቀደመ ነው።

ራስ ተፈሪ መኰንን በግል ገንዘባቸው አሠርተው በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈቱት ትምህርት ቤት፣ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ባልነበረበት ዘመን ወጣቶችን ለውጭ አገር ከፍተኛ ትምህርት ያዘጋጅ ነበር። በጣሊያን ወረራ ሥራው ከተስተጓጎለ በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ የካናዳ ኢየሱሳውያን መምህራን አስተዳደሩን ተረከቡ። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አቋቁመው መርተዋል።

ይኸው ትምህርት ቤት ካስተማራቸው መካከል ይድነቃቸው ተሰማ ይገኙበታል። በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለረጅም ዓመታት ተጫውተዋል። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነዋል። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳውን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥነዋል፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው 1979 ዓ.ም. ድረስም ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በጨዋታም በአስተዳደርም የተሳካላቸው ሰው መሆናቸው ትምህርትና ስፖርት ተቃራኒዎች እንዳልሆኑ ማስረጃ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የግል ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ይዞታ ሥር ገብተዋል። የ1986ቱ ፖሊሲ የግል ባለሀብቶች በዘርፉ እንዲሰማሩ በማበረታታቱ ዘርፉ እንደገና ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ በከተማ ውስጥ ሰፊ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ የተከራዩትን መኖሪያ ቤት ለትምህርት ቤትነት የሚያውሉ ጥቂት አይደሉም።

የፈተናው ጫናም ሌላው ምክንያት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት ተፈታኞች 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በዚህ ፈተና ስለማይካተት፣ ጊዜ ሲያጥር ለማጠናከሪያ ትምህርት አሳልፎ የሚሰጠው የእርሱ ክፍለ ጊዜ ነው። አዳሪ ተማሪ ከትምህርት ሰዓት በኋላም ከግቢው አይወጣም፤ ተመላላሹ ግን ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ያጣውን ክፍለ ጊዜ የሚተካለት የለም።

ጉዳዩ አርባ ምንጭን በቅርብ ይመለከታል። ከተማዋ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክለብ፣ በኋላም በአርባ ምንጭ ከተማ ክለብ አማካይነት በአገሪቱ ከፍተኛ የእግር ኳስ ሊግ ተወክላለች። በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጨንቻ ደጋ ደግሞ ለረጅም ርቀት ሩጫ ልምምድ የሚስማማ ከፍታ አለው። ተፈጥሮና ልምድ ያሉበት አካባቢ የሚቀረው፣ ተማሪው በትምህርት ቤቱ የሚሮጥበት ስፍራና ሰዓት ነው።

በመሆኑም የትምህርትና የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ለትምህርት ቤቶች ቦታ ሲሰጡ፣ ፈቃድ ሲያድሱና ቁጥጥር ሲያደርጉ ሜዳውን ከመማሪያ ክፍሉ እኩል ሊመለከቱት ይገባል። የራሱ ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤትም የቀበሌን ወይም የመንግሥት ትምህርት ቤትን ሜዳ በተራ የሚጠቀምበት ስምምነት ቢመቻችለት፣ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ችግሩን ማቃለል ይቻላል።